የማይሰበረው ዱላ

ከሚል ሱቁ ውስጥ ወንበር አለው፤ ወንበሩ ግን ከሚልን አያውቀውም። ጨርቅ ለመለካት ይነሳል፣ መንገድ ለማየት ይወጣል፣ ማዶ ካለው ፋርማሲ ማን ምን እንደገዛ ለማጣራት ይሻገራል፣ ተመልሶ ደግሞ ያልጠፋ መቀስ ይፈልጋል። ሚስቱ ፈርዶስ «እኔን የዳሩኝ ለነፋስ ነው» ትላለች። የምትለውም ለደንበኛ ነው፤ ደንበኛውም ወሬውን ከጨርቁ ጋር አስጠቅልሎ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ሰው መርካቶ ሲወርድ ምን ይዞ እንደሚመለስ አይታወቅም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አቡጀዲ ላምጣ ብሎ ሄዶ የጎልፍ ዱላ ጭኖ መጣ። ነጋዴው ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳይቶት ነበር፤ ነጭ ኮፍያ ያጠለቀ ፈረንጅ ዱላውን ያወናጭፋል፣ ኳሷም ሰማይ ትገባለች። ቦንጋ ላይ ጎልፍ የሚጫወት የለም፤ ሜዳ ቢገኝም ከብት ቀድሞ ይይዘዋል። ከሚል ግን ዱላውን ገለበጠው። የብረት ራሱ መዳፉ ውስጥ ልክክ አለ፣ የጎማ እጀታው መሬት ረገጠ። «ከዘራ ማለት ይኸው» አለ፤ ነጋዴውም «እኔስ ምን አልኩ» አለው፣ እስካሁን ምንም ያላለው ሰው።

ከዚያማ ቦንጋ እንቅልፍ አጣች። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ተጭኖ፣ የከሚል ድምፅ በአማርኛም በካፊኖኖም ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ይዞር ጀመር። «ከዘራ ከውጭ አገር! የማይዝግ፣ የማይጎብጥ፣ የማይሰበር!» መብራት ምሰሶው ሁሉ ላይ ያ ፈረንጅ ተለጠፈ። በቴሌግራምም ተላከ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የደረሳቸው ሰዎች አሉ።

የቦንጋ ጭቃ ግን ሞንታርቦ አይሰማም። ቀጭኑ ዱላ እንደ መርፌ እየተሰካ ባለቤቱን ይዞ ይቀራል። ከማንኪራ የመጣ አንድ ቡና ለቃሚ ደግሞ ቅርንጫፍ ማጎንበሻ ይሆነኛል ብሎ ገዛ። ብረቱ ልሙጥ ነውና ቅርንጫፉ አፈትልኮ ጉንጩን ገረፈው። ሰውየው ዱላውን ሊመልስ በገበያ ቀን መጣ፤ ሰንበሩን ያላየ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሞንታርቦው ባለፈ ቁጥር ሰው ጉንጩን ይዳብስ ጀመር። ዱላዎቹም ሱቁ ጥግ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተደርድረው ቆሙ።

ከሚልን የሚያብከነክነው ግን ሌላ ነበር። በዕድሜ የሚያንሱት ሁሉ ለሽምግልና ሲላኩ እሱን አንድም ቀን የጠራው የለም። «ደግ ሰው ነበር፤ እግሩ ነው እንጂ» ይሉታል፣ እንደ ሞተ ሰው። እሱም ይሰማል፤ ምን የማይሰማው አለ።

ታዲያ የሱቁ በረንዳ ላይ የሚሰፋው፣ ደጉ የሚባል ልብስ ሰፊ፣ ኑኃሚን የምትባል የቢታ ገነት ከተማ ልጅ ወደደ። አባቷ አቶ ሀብተሥላሴ አስቸጋሪ ናቸው። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ «ተቀመጡ» ካልተባለ አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ከተባለ ደግሞ ጉዳዩ ሊሰማለት ነው። እሳቸው የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች አቁመው አዋሏቸውና እንደ ቆሙ ሸኟቸው። አንድ ጊዜ ቢመለሱ ይመለሱ፣ ለሦስተኛ ግን በሬን አልከፍትም አሉ። የሁለተኛው ጉዞ ዋዜማ ላይ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ በወባ ወደቀ። ደጉ አማራጭ አልነበረውም፤ ዓይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ ተናገረ።

«ጋሽ ከሚል፣ ምንም አይናገሩ። ቆመው ብቻ ይዋሉልኝ።»

ፈርዶስ የከሚልን አባት የወይራ ዘንግ አውጥታ ለባሏ ሰጠችው። እሱ ግን አንዱን የጎልፍ ዱላ ወልውሎ ያዘ፤ ቢታ ገነት ገና ያልተነካ ገበያ መሆኑ ትዝ ብሎታል። የቡድኑ አፍ የሆኑት ጋሽ ወልደ ማርያም ሚኒባሱ ውስጥ ዱላውን አዩት፣ ከሚልን አዩት፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ጫካው ማየት መረጡ። ከጎናቸው የተቀመጠው ሦስተኛው ሽማግሌ ሰብሃት ጸሎቱን ጀመረ።

የልጅቷ አባት ቤት ገብተው ቆሙ። ጋሽ ወልደ ማርያም የደጉን ዘርና ጠባይ አሳምረው ዘረዘሩ። አቶ ሀብተሥላሴ መደባቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ንግግሩ አለቀ፤ መቆሙ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ከሚል እግሩ ይበላው ጀመር። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ተንጋዷል፤ ሄዶ ቢያቃናው እንዴት ደስ ባለው። በጓሮ በር አንዲት ጥጃ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች፤ ሽ ቢላት ይወጣለት ነበር። የደጉ ትዳር በሱ እግር ላይ ነው። ጥርሱን ነክሶ፣ የሰውነቱን ክብደት በሙሉ ዱላው ላይ ጣለ።

ዱላው ቀጭ አለ።

የብረት ራሱ በከሚል እጅ ቀረ፣ ዘንጉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ከሚልም ዞሮ መደቡ ላይ፣ ከአቶ ሀብተሥላሴ ጎን፣ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ልጅ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። የሰብሃት ጸሎት ተቋረጠ።

አቶ ሀብተሥላሴ ብረቱን ከከሚል እጅ ወስደው አገላብጠው አዩት። «በሞንታርቦ የማይሰበር የተባለው ይሄ ነው?»

ከሚል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

አቶ ሀብተሥላሴ ጢማቸውን ያዙ። ከንፈራቸው እምቢ ሊል ሲል ትከሻቸው ቀድሞ ሳቀ። «ቤቴ የተቀመጠን እንግዳ አላስነሳም» አሉ፣ ወደ ቆሙት ዞረው። «እናንተስ ምን ያስቆማችኋል?»

ተቀመጡ። ጉዳዩ ተሰማ፤ ለመልሱ የቅዳሜ ቀጠሮ ተያዘ። ሲመለሱ ከሚል ሚኒባሱ ውስጥ ይቁነጠነጣል፤ በመጨረሻም አላስችል አለው።

«ጋሽ ወልደ ማርያም፣ አስቀመጥኳችሁ ወይስ አዋረድኳችሁ?»

«ሁለቱንም» አሉት።

ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ቦንጋ ገብቷል። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ጎልማሶች ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ለወንድማቸው ሽማግሌ ሊልኩ ነው፣ የልጅቷም አባት ክፉ ናቸው አሉ። «ያንን የሚሰበረውን ዱላ ስጠን።»

ከሚል ዘሎ አንዱን አነሳና ተደገፈው። አልሰበር አለ። ሌላውን ተጫነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛውን እሱ በዚህ፣ ፈርዶስ በዚያ ሆነው ጎተቱት። ያ ሁሉ ማስታወቂያ እውነት የሆነው ያን ዕለት ነው፤ ደንበኞቹም አዝነው ሄዱ።

ደጉ ከበረንዳው ሲያይ ቆይቶ የስፌት መኪናውን አቆመ።

«ጋሽ ከሚል፣ ለቅዳሜ የወይራውን ይያዙ።»

«ቅዳሜም እኔ ነኝ እንዴ?»

«አቶ ሀብተሥላሴ እርስዎ ከሌሉ አትምጡ ብለዋል።»

ከሚል የጎልፉን ዱላ ጥግ አስደግፎ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። ልምምድ ነው አለ። ፈርዶስ ጨርቅ እያጠፈች በጎን ታየዋለች፤ ከጉልበቱ በታች እግሩ አሁንም ማዶ ያለው ፋርማሲ ደርሶ ይመለሳል።