ሦስት ጓጉንቸር

እርጥብ ሲሚንቶ በሸተተኝ ቁጥር የድሮ አከራያችን የጎጎ ሽንት ቤት ነው ትዝ የሚለኝ፤ ትናንትም ሮዘተንቪል ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ፣ ልስኑ ገና ያልደረቀው አዲሱ የግንብ አጥር ሲሸተኝ፣ በዚህ ሲሚንቶ የእኔ ክፍል ሁለቴ ይሠራ ነበር እያልኩ በንዴት ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ብዙ አልነበረም። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ አውሎ ነፋስ ቢነሣ የሰንበት ትምህርት ልጆቼን የማስገባበት፣ ግድግዳውም ጣሪያውም በፌሮና በሲሚንቶ የተሞላ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ አባቴ ነው፤ ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው።

በሰባት ዓመቴ ከሆሳዕና ወደዚህ የሰው አገር ስንመጣ አባቴ ከከተማው ዳር፣ ሎኬሽን በሚባለው ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ እኛም እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በስኳር ጆንያና በሳሙና ካርቶን መካከል እንተኛ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ሳሙናና ላምባ አንድ ላይ ካልሸተቱኝ ቤት ያለሁ አይመስለኝም። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያውም በድንጋይና በአሮጌ ጎማ የተያዘ ቆርቆሮ ነበር። በሩ ግን የባንክ ቤት በር ያስንቃል፤ ወፍራም ብረት ሆኖ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠልበታል። እኛ ሌባን እንጂ ነፋስን ፈርተን አናውቅም።

ግቢው የጎጎ ነበር፤ በዚያ ሰፈር አሮጊቶችን ሁሉ ጎጎ ነው የምንላቸው። ግንበኛ የነበረው ባሏ የውሃ ታንከር ላስቀምጥበት ብሎ የውጭውን ሽንት ቤት ጣሪያ በሲሚንቶ ሶሌታ ሞልቶት፣ ታንከሩ ሳይመጣ እሱ ሞተና፣ ሽንት ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ በልጦ ቀረ። እኛ ልጆች ቤተ መንግሥት እያልን እንስቅበት ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ በረዶ መጣል ሲጀምር፣ ጎጎ የብረት በሩን በጡጫ እየደበደበች «ፑማ! ፑማ!» አለች፤ በአገሯ ቋንቋ ውጡ ማለቷ ነው። አባቴ ግን ዘራፊ አስገድዷት ይሆናል ብሎ በቀዳዳ እያየ ቆየ። በመጨረሻ ከፍቶልን እናቴና እኔ ከጎጎ ጋር ሽንት ቤቱ ውስጥ ስንገባ እሱ የለም። ለካ በዚያ በረዶ ውስጥ ተንበርክኮ ሱቁን ይቆልፋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጎጎ የሽንት ቤቱን በር ከፍታ በእጇ ይዛ እየተጣራች ጠበቀችው፤ እሱ ዘሎ ሲገባ የበረረ ቆርቆሮ ጣቶቿን አገኛቸው።

አውሎ ነፋሱ ሲያልፍ ወጣን። ሱቁ የለም። የብረት በሩ ብቻ ከነመቃኑ ቆሟል፣ ሦስቱም ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ፤ አባቴ ቁልፉን ይዞ ፊት ለፊቱ ቆመ። ጎጎ የሚደማ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ሁለት ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም፤ ፀጉሬን ትሠራልኝ የነበረችው ጎጎ፣ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብላ አሠራሩን ለእናቴ ማሳየት ብቻ ሆነ ሥራዋ።

ጎጎ ካረፈች ቆይታለች። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ ሽንት ቤቱ ፈርሶ የሚከራዩ የቆርቆሮ ክፍሎች ተደርድረውበታል።

ትናንት ኮሚቴው ግንቡ ስላለቀ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘርጋበት ሲል፣ «አባዬ፣ ጎጎን ረሳሃት እንዴ?» አልኩት በሰው ፊት። «ልጄ፣ አውሎ ነፋስ ስንቴ ይመጣል? ሌባ በየሳምንቱ ነው» አለ። አንዱ ሽማግሌ ነገሩን በጸሎት እንያዘው አሉ። ጸሎቱን አልጠላሁም፤ ጎጎም ያን ቀን ስትጸልይ ነበር፣ ግን ሶሌታ ሥር ሆና።

ስንለያይ አባቴ የአዲሱን የግቢ በር ቁልፎች መዳፌ ላይ አስቀመጠ፤ «ቀድመሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ፣ ይኑሩሽ» አለኝ። ሦስት ናቸው። በደቡብ በኩል ደመናው ጠቁሯል፣ ልጆቹ ከቆርቆሮው ሥር ይዘምራሉ። ጎጎ ያን ቀን ከፍታ የምትጠብቅበት በር ነበራት፤ እኔ ያለኝ መቆለፊያ ብቻ ነው።