ዘጠኝ ቀን የኖረው ልጃችን

የመጀመሪያ ልጃችን የኖረው ዘጠኝ ቀን ነው። ያኔ ደምበጫ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከባለቤቴ ጋር የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ስለሞተ ፍትሐት አልነበረውም፤ ድንኳንም አልተተከለ። ጎረቤቶች አንድ ቀን ከሰዓት መጥተው ተቀመጡ። እግዜር በሌላ ይካሳችሁ ብለው፣ ለእኔ ደግሞ ወንድ ነህና እሷን አበርታ ብለውኝ ሄዱ። ክፋት አልነበረባቸውም። እኔም እንዳሉኝ በአራተኛው ቀን ጠመኔዬን ይዤ ክፍል ገባሁ።

የባለቤቴ ጡት አጋተ። የሚጠባው ሳይኖር ወተቱ ይመጣል፤ ቀሚሷን ሲያርሰው ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የሽማግሌው ሚስት ይህን አይተው ደረቷን በነጠላ ጥብቅ አድርገው አሰሩላት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዝርታቸውን ይዘው እየመጡ አጠገቧ ይፈትሉ ነበር። ብዙ አያወሩም። የሕፃኑን ልብስ ሌላው ሰው ሁሉ ለድሃ ስጪው ሲላት፣ እሳቸው አጥበውና አጣጥፈው መለሱላት፤ የምትሰጪበትን ቀን አንቺው ታውቂዋለሽ አሏት።

እኔን ያሰቡኝ ሽማግሌው ናቸው። አንድ ቅዳሜ የጤፍ አጫጅ አንሶኛልና አግዘኝ አሉኝ። ማሳው ስንደርስ ግን አጫጁ ሞልቷል፤ ልጆቻቸውም፣ ወንፈል የገቡት ጎረቤቶችም አሉ። ማርቆስ ከተማ ውስጥ ስላደግኩ ማጭድ ይዤ አላውቅም። እኔ አንድ እፍኝ ሳጭድ እሳቸው ሦስት ይጨርሳሉ። ማንም አልሳቀብኝም።

እኩለ ቀን ላይ ብሳና ጥላ ሥር ለብቻችን ተቀምጠን ዳቦ ስንቆርስ፣

«መምህር፣ ስም አውጥታችሁለት ነበር?» አሉኝ።

ከሞተ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳቸው። ስሙን ቀስ ብለው ደገሙት።

«እኔም ሦስት ቀን የቆየ ልጅ ነበረኝ» አሉ። «ቢኖር ታላቅህ ይሆን ነበር። ስሙን ከእናቱ በቀር የሚያነሳልኝ የለም።»

እንባዬ መጣ። እሳቸው ተነሥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ማጨዳቸውን ቀጠሉ። እንደ ልቤ እንዳለቅስ ብለው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አመሻሽ ላይ አቧራ እንደለበስኩ ቤት ገብቼ የልጃችንን ስም ባለቤቴ ፊት ጠራሁት። ቀና ብላ አየችኝ። እስከዚያች ቀን እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ ስንሳሳ እንባችንን ስንደባበቅ ነበር የከረምነው። አብረን አለቀስን።

በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለድን። አራስ ጠያቂዎች የመጀመሪያሽ ናት ወይ ሲሏት ባለቤቴ «ሁለተኛዬ ናት» ትላለች፤ አንዳንዱ ይደነግጣል፣ እሷ ግን መልሷን አልቀየረችም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ማርቆስ ተዛወርኩ።

ሽማግሌው ባለፈው ክረምት አረፉ። ለቀብር ስንሄድ ከሚስታቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄን ይዘው ቆዩ። ዛሬም በኅዳር ጤፍ ሲታጨድ ሳይ፣ በሕይወቴ ከሁሉ የከፋውን ወራት ያሳለፍኩበት ያ ግቢ ይናፍቀኛል።