የእናቴ ግማሽ ጣራ

በደርግ ጊዜ የናዝሬት ቀበሌያችን ሊቀመንበር ምላሱ የማይደክመው ሰው ነበር። አንድ እሑድ ስብሰባ ጠርቶ፣ መንግሥት ከእንግዲህ ድሃውን በግብርም በመዋጮም እንደማያስጨንቅ ነገረን። ገንዘብ ሲያንሰው ያሳትማል እንጂ የእኛን ኪስ አይዳብስም አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ትምህርት ቤት በጽዳት የምትሠራው እናቴም አጨበጨበች። ያቺ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች፤ በእሷ ሳይሆን ባስጨበጨባት ሰው።

እናቴ ብቻዋን ነበር የምታሳድገን። የቤታችን ጣራ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ ድስትና ባልዲ እንደረድር ነበር። ጣራውን ልትቀይርበት የሰፈር ዕቁብ ገባች፤ ዕጣውም ገና ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወጣላት። ደስታችን ግን አላደረም። ከሁሩታ እህል እያመጣ የሚነግድ ጎረቤታችን፣ እሱም የዕቁቡ አባል ነው፣ በዚያው ቀን ቤት ድረስ መጥቶ ለእህል መግዣ ቸግሮኛልና ዕጣሽን ልቀቂልኝ፣ አንቺ መጨረሻ ላይ ትወስጃለሽ ብሎ ለመናት። ለቀቀችለት። ብር እጄ ላይ አይበረክትም፣ ቆይቶ ሲመጣ እንደተቀመጠልኝ ቁጠሩት አለችን። በንጉሡ ጊዜ ለኖረ ሰው ይህ ብልህነት ነበር፤ ያኔ ብር ከርሞም ያው ብር ነው።

ነጋዴው በዚያ ገንዘብ እህል አልገዛም። ቆርቆሮ ገዝቶ ጓዳውን ሞላ። የሊቀመንበሩ ንግግር ከሁላችንም በላይ የገባው ለእሱ ነበር።

ከዚያ አዳዲስ ብር ከተማውን አጥለቀለቀው። የጤፍም የሽንኩርትም ዋጋ በየገበያው ወጣ፤ የእናቴ ደመወዝ ብቻ ባለበት ቀረ። በቀበሌው ሱቅ የቆርቆሮ ዋጋ አልተነካም ይባል ነበር። እውነት ነው፣ ዋጋው አልተነካም፤ ቆርቆሮው ግን የለም። የመጣ ዕለት በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ግቢ ይገባል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ያ ሰው ምንም እንዳይቆጨው አድርጎ በልቷል።

ዕቁቡ ሲያልቅ እናቴ ብሯን ይዛ ከተማውን ዞረች። ቆርቆሮ የተገኘው በዚያው ነጋዴ ጓዳ ውስጥ ነበር። በእሷ ዕጣ የገዛውን መልሶ ለእሷ ሸጠላት፤ ያውም በእጥፍ። ዘመኑ ነው እህቴ፣ ምን ላድርግ አላት። ብሯ የበቃው ለግማሽ ጣራ ነው። እግዜር ይይለት ብዬ ልተወው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ዛሬም እጠላዋለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበሩ በድሃው ላይ ግብር እንዳልተጨመረ እንደገና ሲያበሥረን እናቴ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግብር ካልከፈልኩ የጣራዬን ግማሽ ማን ወሰደብኝ?»

ነጋዴው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሊቀመንበሩ ይህ የአድኃሪያን ጥያቄ ነው ብሎ መፈክር አስጀመረ። ሁላችንም ግራ እጃችንን አነሳን፤ እናቴም አነሳች።

ክረምቱ ገባ። እኛን ልጆቿን በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር አስተኛችን። እሷ በዝገቱ በኩል፣ ከባልዲዎቹ ጋር ተኛች።