የእማ ጠበልና ፀጉራሟ እንዳሁላ

ባለፈው ሳምንት ከመምህራን ክፍል መስኮት ላይ የአበባ ማሰሮ ላነሣ ጎንበስ ስል፣ ከሥሩ የታቆረው ውሃ ሸተተኝ። የረጠበ አፈር ሽታ እንዳይመስላችሁ፤ የረጠበ አፈር ሸጋ ሽታ አለው፣ ይህኛው ግን የበሰበሰ ሥር ሽታ ነው፣ እንደ ከረመ የጎመን ውሃ ሆኖ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ማሰሮውን መልሼ አስቀምጬ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ደወሉ እስኪደወል አልተነሣሁም። ያን ሽታ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ከአልጋዬ ሥር ሦስት ቀን ደብቄ አቆይቼው ነበር።

ቤታችን ቁስቋም ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ። አባቴ የድጓ መምህር ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይለው ነበር፤ እማም እንደ ሰፈሩ «የኔታ» እያለች፣ በ«አንቱ» ነበር የምታናግረው። ቤቱ ሁለት ክፍል ሲኖረው፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት ነበረው፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አባቴ መጻሕፍቱን የሚያኖርበት ሣጥን ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ ከፍ አይልም ነበር። ልጅ ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ እማም ሲያማት አትናገርም ነበር፣ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር እንጂ።

ተክሏ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ታላቅ እህቴ ስመኝ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ሳንጃ ጤና ጣቢያ ተመድባ ነበርና፣ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ከቦርሳዋ ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለች አንዲት ቅጠል አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቅጠሏ እንደ አውራ ጣት ወፍራም፣ ዙሪያዋን ነጭ ለስላሳ ፀጉር የለበሰች፣ ጠርዟ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያላት ነበረች።

«ከአስተማሪያችን መስኮት ላይ ናት» አለች ስመኝ፣ አባቴን በጎን እያየች። «ለምኜ ነው ደግሞ፣ ሰርቄ አይደለም።»

ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። እማ አገላብጣ አየቻትና፣ አጥር ላይ የሚበቅለውን ባለ ወፍራም ቅጠሉን እንዳሁላ ስለመሰለቻት «የእንዳሁላ ዘመድ ናት፣ ፀጉር አብቅላ ነው እንጂ» አለች፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ስሟ ፀጉራሟ እንዳሁላ ሆኖ ቀረ። የእማ ታላቅ ወንድም አያ ውባንተ ከድብ ባሕር መጥቶ ነበርና፣ ጋቢውን ሰብስቦ ቀረብ ብሎ ተመለከታት።

«ምነው ስመኝ» አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ፣ የበግ ጆሮ ይዘሽ ትመጫለሽ?»

«አያ፣ ጆሮውን እኔ አምጥቻለሁ» አለች። «የቀረውን በግ አንተ አምጣ።»

አባቴ እንኳ ሳቀ። የእኛ ቤት ሰው ሁሉ አንድ ላይ የሳቀበት የመጨረሻው ቀን ያ ይመስለኛል፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ስመኝ የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልጋ፣ ቂጡን በምስማር አምስት ቦታ በስታ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ሞላችና ሕጉን ነገረችኝ። እኔ ያን ጊዜም ሥርዓት እወድ ስለነበር በደብተሬ ጻፍኩት። ቅጠሏ አፈሩ ላይ ትጋደማለች እንጂ አትቀበርም። ሥር እስክታወጣ ውሃ አታይም። ካደገች በኋላም ውሃ የሚሰጣት ቅጠሏ ሸብሸብ ሲል ብቻ ነው፤ እሱም በጠርሙስ ክዳን ሦስት ጊዜ፣ አፈሩ ላይ እንጂ ፀጉሯ ላይ አይደለም። አቧራ ሲይዛት በዶሮ ላባ ይጠረጋል። ምክንያቱን ዛሬ ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንዲህ እያልኩ ነው፦ ይህች ዓይነት ተክል ውሃዋን በቅጠሏ አጠራቅማ የምትኖር ናት፣ ፀጉሯም ፀሐይና ነፋስ እንዳያደርቋት የምትለብሰው ጋቢ ነው፤ ሥሯ ደግሞ እንደ እኛ አየር ይፈልጋል፣ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይታፈናል።

መስከረም ላይ ቅጠሏ ከተቆረጠችበት በኩል እንደ ክር የቀጠነ ሥር አወጣች፣ ቀጥሎም ከጎኗ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ጣሳዋን ሩብ ዙር አዞራት ነበር፣ ወደ አንድ ጎን እንዳትዘም። እማ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር፤ «ምን አለች ዛሬ?» ትለኛለች፣ እኔም «ደኅና አደረች» እላታለሁ።

ጥቅምት ሲገባ እማ ከገበያ ስትመለስ የቁስቋምን ዳገት እንደ ወትሮው መውጣት አቃታት። በፊት ሁለት ቦታ አርፋ ትወጣው የነበረውን፣ አሁን በየአጥሩ ሥር እየተቀመጠች ትመጣ ጀመር፤ ሰው ሲያልፍ ጫማዋን የምታስተካክል ትመስል ነበር። አባቴ ሆስፒታል ወሰዳት። ልቧ ደክሟል ተባለ፤ ክኒን ሰጧት፣ ጨው እንድትቀንስ፣ በቀን ከአራት ብርጭቆ በላይ ውሃ እንዳትጠጣ ነገሯት። አባቴ ይህንኑ በዚያ ውብ የቁም ጽሕፈቱ በወረቀት ጽፎ፣ «አራት ብርጭቆ» የሚለውን በቀይ ቀለም አድርጎ ግድግዳው ላይ ለጠፈላት።

የክኒኑ ጠባይ ግን ሽንት ማብዛት ነበር። እማ ቅዳሴ መሀል ሁለት ጊዜ ወጥታ ለመመለስ ተገደደች፣ ያውም የየኔታ ሚስት ሆና፣ ሰው ሁሉ እያያት። ለማንም አልተናገረችም፤ ክኒኑን ተወችው። የኅዳሩን የቁስቋም ንግሥ እንደምንም ቆማ ካሳለፈች በኋላ፣ የነቢያት ጾም ሲገባ ሁለት ሱባኤ፣ ማለት ዐሥራ አራት ቀን፣ ጠበል እንድትጠጣ አባቴን ፈቃድ ጠየቀችው። እሱም ደስ አለው። ጠዋት ጠዋት ከኪዳን ሲመለስ በቢጫ ጄሪካን ጠበል ይዞ ይመጣ ነበር፣ እሷም እህል ሳትቀምስ ቆማ፣ በትልቁ ጆግ አንድ ሙሉ ትጠጣ ነበር፣ አንዳንዴም ሁለት። ጠበል የሚጠጣ ሰው እንዲያ ነበር የሚጠጣው፤ ብርጭቆ የሚቆጥር አልነበረም።

ከጆጉ የተረፈውን ማፍሰስ የእኔ ሥራ ነበር። ጠበል የትም አይደፋም፤ እግር የማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይፈለግለታል። ጓሯችን ጠባብ ነበር፣ ዶሮም ሰውም ይረግጠዋል፤ ስለዚህ አሰብኩና፣ በቤታችን እግር የማይደርስበት አፈር የመስኮቱ ጣሳ ብቻ መሆኑን አገኘሁ። በመጀመሪያው ቀን ሳጠጣት በአምስቱ ቀዳዳ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ደነገጥኩ፤ ጠበል ልረግጥ ነው፣ የአባቴንም መጻሕፍት ላረጥብ ነው። ከመቅረዙ ሥር የጧፍ ሰም ለቃቅሜ፣ በጣቴ አሙቄ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈንኳቸው። በጣም ተጠንቅቄ ነው የደፈንኳቸው፤ ሥራዬን አይቼም ረካሁ። የስመኝን ሕግ ረስቼው አልነበረም። ሕጉ ስለ ውሃ ነው፣ ይህ ግን ጠበል ነው ብዬ ነው።

በአምስተኛው ቀን ተክሏ ፋፋች። ቅጠሎቿ ተወጠሩ፣ ከመወጠራቸው የተነሣ ፀጉራቸው ሣሣ፣ ከሥሩ አረንጓዴው ያብለጨልጭ ጀመር። እማ ጠርታኝ ጣሳዋን አልጋዋ ድረስ አስመጣችና በአይበሉባዋ ዳሰሰቻት።

«አየሽ ጥሩዬ» አለች። «እሷም ጠበሉ ያዛት።»

በዚያው ሰሞን አያ ውባንተ ለጾሙ ባቄላ ጭኖ መጣ። በር ላይ ቆሞ እህቱን ሲያያት ፊቱ በራ።

«እሰይ፣ እንዴት ፊትሽ ሞላ! ሸጋ ሆነሻል እኮ» አላት። «ከነጉንጭሽ ተመለስሽ።»

እውነትም ፊቷ ሞልቶ ነበር። ጎረቤቱም እየመጣ ያንኑ ይላት ነበር፣ እሷም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር፤ ግን ሌሊት ጋደም ማለት አቅቷት ትራስ ላይ ትራስ እየደረበች፣ ተቀምጣ ነበር የምታድረው። ይህን ሁሉ አየሁ፣ ግን አንዱን ከአንዱ አላገናኘሁትም።

በዘጠነኛው ቀን ጣሳዋን ላዞር ስነካት አንድ ቅጠል ረገፈ፤ ሁለተኛውን ስነካ እሱም ረገፈ። ቅጠሎቹ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፉ ነበር፣ ስጨብጣቸው ጣቴ መሀል ውሃ ሆኑ። ግንዷ ከአፈሩ አጠገብ ጠቁሯል፣ ጎተት ባደርጋት ያለ ሥር ተነቅላ መጣች፣ ያ ሽታም አብሯት ወጣ። ያን ጠዋት እማ እግሯን ስትታጠብ ውሃ እያቀበልኳት ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስታነሣው፣ ጣቷ የነበረበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ሳይሞላ ረጅም ጊዜ ቆየ። እሷም ዓይኔን አየችና ቀሚሷን ወደ ታች ሳበችው።

ያን ጊዜ አገናኘሁት። ልጅ ነሽ፣ አታውቂም ነበር የሚለኝ ሰው አለ፤ አውቄ ነበር። የሚፋፋ ነገር ሁሉ እየዳነ እንዳልሆነ፣ ከውስጥ እየሰመጠ ያለም እንደሚፋፋ አውቄ ነበር። ግን ምን ብዬ ልናገር? ጠበል ተክሌን ገደላት ብል፣ በየኔታ ቤት፣ ያውም በጾም፣ ከዚያ የባሰ ቃል የለም። ጣሳዋን በአሮጌ ሻርፕ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኳት። እማ «የት ሄደች?» ስትለኝ «ፀሐይ ላይ አውጥቻታለሁ» አልኩ። ሦስት ቀን እንዲያ አለፈ፣ በሦስቱም ቀን እማ ጆጉን ጠጣች፣ ትንፋሿም እያጠረ ሄደ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አባቴ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ሲገልጥ፣ ጣሳዋን አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኳት።

«አባ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት» አልኩ። «የእማን ጠበል እያጠጣሁ።»

ጣሳዋን አንሥቶ አሸተተ፣ ገለበጣት፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በጥፍሩ ነካ ነካ አደረጋቸው። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር።

«ጠበሉ ምን አጠፋ» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ የመሰለች ፍጥረት ልክ አላት። ልኳን ያላወቅሽው አንቺ ነሽ።»

«እማስ ልክ የላትም?» አልኩት።

ግድግዳው ላይ ወደ ለጠፈው ወረቀት አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ተነሥቶ እማ ወዳለችበት ክፍል ገባ፤ ጋቢውን ለብሳ ተቀምጣ ነበር።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አላት።

«ሁለት ቀን ለቀረው ሱባኤ፣ የኔታ?» አለች፣ በየቃሉ መሀል እያረፈች። «ምነው ልጨርሰው እንጂ።»

«ሁለቱን ቀን እኔ እጨርስልሻለሁ። አንቺ ተነሺ።»

በባጃጅ ወሰዳት፣ ለስመኝም ደወለላት። ስመኝ በማግሥቱ ከሳንጃ ደርሳ ሐኪሙን ስታነጋግር እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ፤ ሳንባዋ ውሃ እንደያዘ፣ ጥቂት ቀን ቀደም ብላ ብትመጣ ይሻል እንደነበር ሲናገር ሰማሁ። ጥቂት ቀን ስንት እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። እኔ ግን ሦስት ብዬ ቆጠርኩት፣ ለማንም አልነገርኩም።

እማ ገናን ሆስፒታል ውላ፣ ለጥምቀት ሰሞን ቤት ገባች። ፊቷ ከስቶ ነበር፣ «ምነው ከሳሽ» ይላት ነበር ያ ሁሉ ጎረቤት። ከዚያ በኋላ ዳገቱን ወጥታ አታውቅም፤ የቅዳሴውን ድምፅ ከበር ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ጠበሉን አላቋረጠችም፣ ግን አባቴ ራሱ በትንሽ ኩባያ ለክቶ፣ ከአራቱ ብርጭቆ ላይ ቀንሶ ነበር የሚሰጣት፣ ክኒኗንም ስትውጥ ቆሞ ያያት ነበር። እንዲያ ሆና ሁለት ክረምት ኖረች፤ ሦስተኛው ሲገባ አረፈች።

አባቴ ስለዚያ ሱባኤ ዓመታት ሙሉ አንስቶ አያውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ልጠይቀው ሄጄ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ድንገት ዞር ብሎ «ያች ተክል ስንት ቀን ደብቀሻት ኖሮ ነው ያሳየሽኝ?» አለኝ።

«ሦስት» አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። «እኔም የእናትሽን እግር ያየሁት በዘጠነኛው ቀን ነው» አለ። «ስትታጠብ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት፣ ሲጎደጉድ። ሱባኤ አስፈታ እንዳልባል፣ ለራሴም እምነት የጎደለኝ እንዳይመስለኝ ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ባትመጪ ዐሥራ አራቱን እስክትጨርስ ዝም እል ነበር።»

ሁለታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ነገር አይተን፣ አንዳችን ሌላችንን ፈርተን ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ በቤታችን ዝም ማለት ጨዋነት ነበር፣ እኔም ለረጅም ጊዜ ጨዋ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ አባቴ አርጅቷል፣ ለብቻው ነው የሚኖረው፣ ስልክ መያዝም ለምዷል። ጉልበቱን ሲያመው ይደውላል፣ ሲያስለው ይደውላል፤ ተማሪዎቼ ፊት ብሆንም ይቅርታ ጠይቄ አነሣለሁ። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ምንም ሳይሆን፣ ምንም እንዳልሆነ ሊነግረኝ ብቻ ይደውላል።