የምህረት ቡታጋዝ በዱስ ጀልባ ላይ

ጻፊው ያላችሁኝ እናንተ የኅብረታችን እህቶች ናችሁ፤ ስለዚህ የእጅ ጽሑፌን ታገሱኝ። ያየሁትን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጂንካ

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ልጄ ምህረት ዱስ በምትባል መንደር፣ እንግዶችን በኦሞ ወንዝ የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ላይ በምግብ አብሳይነት ተቀጥራለች። ሰኞ ደወለችና፣ «እማዬ፣ በእንጨት ማብሰል ቀረ! ጀልባው ላይ ቡታጋዝ ገጠምን» አለችኝ።

«ሲሊንደሩን የት አደረጋችሁት?»

«ከታች ነዋ፣ ከወለሉ ሳንቃ ስር። እንዳይወድቅ።»

ሐሙስ እንግዶች ይዘው ለሦስት ቀን ሊወጡ ነው። ማታውኑ ጓዜን ሸከፍኩ።

እኔ ሻይ ቤቴ ውስጥ በቡታጋዝ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የጎረቤቴ ምግብ ቤት በዚሁ ነገር ሲነድም በዓይኔ አይቻለሁ። ሲሊንደር የሚሸጥልን ጋሽ ደምሴ ያኔ የነገረኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ይህ ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ እንደ ውሃ ወርዶ ይተኛል። ቤት ከሆነ በሩን ከፍተን እናስወጣዋለን። ጀልባ ግን ከታች በር የለውም። ውሃ እንዳያስገባ የተሠራ ነገር ጋዙንም አያስወጣም።

ከጋሽ ደምሴ አዲስ የጋዝ ማስተላለፊያ ጎማና ሁለት ማጥበቂያ ቀለበት ወሰድኩ። «በስልክ ብትነግሪያትስ? መንገዱ ሩቅ ነው» አለኝ።

«በስልክማ እሺ ትለኛለች» አልኩት።

ሚኒባሱ የአልዱባ ገበያተኞችን ጭኖ ጢም ብሏል። አጠገቤ ሁለት ዶሮ የታቀፈች ሴት ተቀምጣለች። «ምነው ፊትሽ? በሽተኛ ልትጠይቂ ነው?» አለችኝ። ጉዳዬን ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት። «ውሃ ላይ እሳት? ታዲያ ምን ያስፈራል፣ ውሃው አጠገቡ ነው!» አልዱባ ስትወርድ ግን እጄን ጨብጣ፣ «ጌታ ከልጅሽ ጋር ይሁን» አለችኝ።

ዲመካ ስንደርስ ምሳ አዘዝኩ፤ ግማሹን ተውኩት። ከዚያ ቱርሚ ደርሼ አደርኩ።

ረቡዕ፣ ወደ ዱስ

ከቱርሚ በአይሱዙ፣ ጋቢና ውስጥ ሄድኩ። መንገዱ አሸዋ ነው፤ ግራ ቀኙ ግራርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ። ሙቀቱ የጂንካን ሰው ያቀልጣል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ደረስን። ኦሞ ከታች ተንጣልሎ፣ ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፤ ዳሩ ላይ ማሽላ በቅሏል። እኔ ዋና አላውቅም፤ ውሃውን ሳየው ራሴን አዞረኝ።

ምህረት ሮጣ አቀፈችኝ። «እማዬ! ምን ሆነሽ መጣሽ?» ጀልባውን የሚነዳው አይኬ የሚባል የአገሩ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ። ስለ ሲሊንደሩ ስጠይቀው አልተቆጣም።

«እማማ፣ ከባድ ነገር ጀልባ ላይ ታች ነው የሚሆነው። ላይ ከሆነ ይገለበጣል።»

«ከፈሰሰስ?»

«ጋዝ ከፈሰሰ እንቀዳለን» ብሎ ጀልባው ውስጥ የገባ ውሃ የሚቀዳበትን ቁራጭ ጀሪካን አሳየኝ።

ገባኝ። እሱ ጋዝ ሲባል የሚያውቀው የፋኖሱን ላምባ ነው፤ ቢፈስ በጨርቅ የሚጠረገውን። «ይሄኛው አይታይም» አልኩት።

«የማይታይ ነገር እንዴት ይፈሳል?» ብሎ ሳቀ። «ነይ ግቢ፣ አንድ ዙር ላዙርሽና ፍርሃትሽ ይውጣ።»

እሱና ምህረት መንገድ ላይ እንዳሉ ሁሉ ቆመው ገቡ። እኔ መቆም ስላልቻልኩ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ገባሁ። ምህረት አፍራ፣ «እማዬ፣ ሰው እያየ!» አለችኝ። አፍንጫዬ ሳንቃው ላይ ነበር። የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለው የጋዙ ሽታ መታኝ። ለቆሙት ነፋሱ ይወስድባቸዋል፤ እኔ ጋ ግን ታች ተኝቷል። ቀና ስል አይኬ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሊስብ ይዞታል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃን ነበር።

«እጅህን አንሳ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ገመዱን ለቀቀው።

ሳንቃውን አነሳንና ምህረት ሲሊንደሩን ዘጋችው። አይኬ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ሳቁ ጠፋ። «አሁን በምን ይወጣል?» አለኝ።

«ራስህ ነግረኸኛል፤ ቅዳ» አልኩት። «በብረት እንዳይሆን፣ ተፋጭቶ እሳት እንዳይጭር። በዚያው በጀሪካኑ።»

ከጀልባው ጎድጓዳ የማይታየውን ጋዝ እየጨለፈ በጎን ወደ ውጭ ይደፋ ጀመር። እኔም በጆግ ከእሱ ጋር። ዳር የቆሙት ሰዎች በሳቅ ሞቱ። «ባዶ ጀልባ ይቀዳሉ! የጂንካዋ ሴትዮ አይኬን አሳበደችው!» ሽታው እስኪጠፋ ቀዳን፤ ከዚያም ሳንቃውን ሳንመልስ ለነፋስ ተውነው።

ሲሊንደሩን አውጥተን ጥላ ስር፣ ከቤንዚኑ ርቆ፣ አየር እንደ ልቡ በሚያልፍበት በጀልባው ጠርዝ በኩል አቆምነው። ከስሩ ቀዳዳ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ቢያፈስ ወደ ወንዙ እንዲወርድ፣ በገመድ ጠፍረን አሰርነው። ጀልባው ዘመም አለ። አይኬ «አላልኩም?» ብሎ በወዲያኛው ጎን ሙሉ የመጠጥ ውሃ ጀሪካኖች ደረደረና አስተካከለው። እዚያ ላይ እሱ ትክክል ነበር። ምድጃውን በብሎን አጥብቀን፣ ድስት እንዳይንሸራተት በዙሪያው ብረት አደረግንለት። የድሮው ጎማ ጫፉ ተሰንጥቋል፤ አዲሱን አስገባሁ። መጋጠሚያውን በሙሉ የሳሙና አረፋ ቀባሁና ሲሊንደሩን ከፈትኩ። አንድ ቦታ አረፋው እንደ ዓይን ተነፋ። ዘግቼ ቀለበቱን አጠበቅሁ፤ ደግሜ ቀባሁ። ዝም አለ።

ክብሪቱን ምህረት ትጫረው አልኩ። ከእንግዲህ የምታበስልበት እሷ ናትና።

ሐሙስና ዓርብ፣ መመለስ

እንግዶቹ ሲሳፈሩ ዳር ቆሜ ሸኘሁ። ምህረት ሻይ ስትጥድ ከሩቅ አየኋት፤ መጀመሪያ ጎንበስ ብላ አሸተተች። አልነገርኳትም፤ ራሷ ናት። በመጣሁበት መንገድ ዓርብ ጂንካ ገባሁ፤ ዲመካ ላይ ምሳዬን ጨርሻለሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው፤ ፈሪ ሴት የምታስቸግር ትመስላለች እንጂ ድሆ መግባትም ለአንድ ነገር ይጠቅማል። የሚሳለቅብኝን ሰውም ሰምቼው ሳልጨርስ መናቅ እንደሌለብኝ ተምሬያለሁ።

እሑድ ከአምልኮ ስመለስ ምህረት ደወለች። በሰላም ተመልሰዋል። «አይኬ ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ ባዶውን ጀልባ ይቀዳል» አለችኝ። «አንዱ እንግዳ ምን እያወጣህ ነው ብሎ ጠየቀው።»

«ምን አለው?»

«የምህረትን እናት ፍርሃት።»

ይቅዳው በይልኝ አልኳት። ብዙ አለ።