ጠርዙን የበላው ቴሌቪዥን

ሌታን ያሳወረው ጌም ነው የሚል ሰው እኔ ሻይ ቤት ከመጣ ሻዩን ሳይጨርስ ነው የማስወጣው። አንዳንዱማ ይባስ ብሎ «የእግዜር ቅጣት ነው» ይላል። እግዜር እሱን መቼ አማከረው? እኔ ባየሽ እባላለሁ። የኔ ሻይ ቤትና የሌታ ሱቅ የሚዋሰኑት በአንዲት የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ እሱ ሲያስል እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ስሳደብ እሱ ይሰማል። ያ የመሰለ ዓይን እንዴት እንደሄደ ከኔ በላይ ያየ የለም። ስለዚህ ወሬኛው ሁሉ አፉን ይያዝና እኔ ልናገር።

ሌታ ሬድዮና ቴሌቪዥን ሠሪ ነበር። እዚህ አምቦ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ሱቁን የማያውቅ አልነበረም። ከጎጆ፣ ከጊንጪ፣ ከባኮ ሳይቀር ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ይመጣለታል። ዝምተኛ ነው። ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ሲበይድ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ይይዛል እንጂ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሚስቱ ቢሊሴ ጎጆ ከተማ አስተማሪ ናት፤ መንገዱ ደግሞ የሚታወቅ ነው፣ ጭቃ ሲሆን ወር ሙሉ ሳትመጣ የምትቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ምሳውን እኔ ጋ ይበላል፣ ስድቡንም እኔው ጋ ይጠጣል።

አንዲት ሕልም ነበረችው። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ሲማር፣ አንድ መዝናኛ ቤት ውስጥ ሳንቲም እየዋጠ የሚያጫውት፣ ቁም ሳጥን የሚያህል የጌም ማሽን አይቶ ነበር። ሳንቲም ስላልነበረው ከሰው ትከሻ ኋላ ቆሞ ነው ያየው። ከታች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አለች፤ ከላይም ከግራም ከቀኝም ጠላት ይመጣባታል፣ እሷ ትተኩሳለች። በቃ ይኸው ነው። ግን ስለዚያ ስዕል ሲያወራ ስለ መጀመሪያ ፍቅረኛው የሚያወራ ነው የሚመስለው። «ጥቁሩ ጥቁር ነው ባየሽ፣ ቀዩም ቀይ ነው። ደግሞ እስከ ጠርዙ ሙሉ!» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ሻይህ ቀዘቀዘ» እለዋለሁ።

ሚሊኒየሙ አልፎ፣ ባጃጅ አምቦን ማጨናነቅ በጀመረ ሰሞን ጌም ቤት በየቦታው ተከፈተ። ሌላው ሰው የኳስ ጌም ያጫውታል። ሌታ ግን አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ መጣ፤ ውስጡ የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም አለ። ያችው አውሮፕላን! በኮምፒውተሩ ስክሪን አሳየኝና «ታምራለች» ስለው ተቆጣ። «ይሄ ሬሳ ነው» አለ። ጨዋታው የተሠራው በድሮው ማሽን ሆድ ውስጥ ለነበረው መስታወት ነው፤ የዚያ መስታወት ወንድም ደግሞ ይሄ ጀርባው እንደ ሰንዱቅ የወጣው ቴሌቪዥን ነው፤ በቴሌቪዥን ካልታየ አልታየም ማለት ነው። ሱቁን ጌም ቤት ሊያደርገውና ያን ስዕል ለአምቦ ወጣት ሊያሳይ ቆርጦ ተነሳ።

ቀላል መስሎት ነበር። ሽቦውን ሰክቶ ሲያበራው ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ፤ በዚያ ላይ አልቆምም ብሎ ወደ ላይ ይሮጣል። «ኮምፒውተሩ በአንድ አገር ሕግ ይልካል፣ ቴሌቪዥኑ በሌላ አገር ሕግ ይጠብቃል» አለኝና ሁለቱን አስታርቆ ቀለሙን አመጣው። ቀጥሎ ደግሞ የጨዋታው ቁመት ከወርዱ ይበልጣል ብሎ ያን የሚያህል ቴሌቪዥን በጎኑ አስተኛው። አቤት የሳቅነው ሳቅ! «ምነው፣ አሞት ነው?» አልኩት። በጎኑ ሲተኛ አንዱ ማዕዘን አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ ሆኖ አረፈው። ሌታ ከሞተ ቴሌቪዥን ባወጣው የሽቦ ቀለበት ፊቱን ዙሪያውን እያሸ ያን እድፍ አስለቀቀው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የቀረው ጠርዙ ነበር። ለካ ቴሌቪዥን ሁሉ የስዕሉን ጠርዝ ይበላል፤ ከክፈፉ ኋላ ይደብቀዋል። ለዜና ምንም አይደለም። በዚህ ጨዋታ ግን ጠላት የሚመጣው ከጠርዝ ስለሆነ ስዕሉን ትንሽ ሰብሰብ ማድረግ ያስፈልጋል። ጀርባውን ከፈተው። ውስጡ ስፋትና ቁመት የሚያስተካክሉ ትናንሽ ብሎኖች አሉ፤ የሚዞሩት ደግሞ ቴሌቪዥኑ በርቶ እያለ ነው። ከኋላ ሆኖ ፊቱን ማየት ስለማይችል የሻይ ቤቴን መስታወት ከግድግዳ አውርዶ «ያዥልኝ» አለኝ። እኔ ከፊት መስታወት ደግኜ እቆማለሁ፤ እሱ ከኋላ በመስታወቱ እያየ፣ ጫፉን በሞረደው የጥርስ ብሩሽ እጀታ ብሎኑን ያዞራል። «ያቺን ወፍራም ቀይ ሽቦ ታያለሽ? ኃይለኛው ኮረንቲ ያለው እሷ ላይ ነው፤ እሷ ዘንድ የደረሰ ሰው አለቀለት» ብሎኛል። ስዕሉን ዙሪያውን የሚከብ ነጭ መስመር አውጥቷል፤ አራቱም ጎን ከታየ ጠርዙ ወጣ ማለት ነው።

አራቱም ታዩ። ለኔ ማለቴ ነው።

እሱ ከፊት መጥቶ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ «ግራው አሁንም ተበልቷል» ይላል። ተመልሶ ያጠብበዋል። ደግሞ «ቀኙ የለም» ይላል። ተመልሶ ያጠብበዋል። ሲጫወት ከጎን የሚመጣው አውሮፕላን ሁሉ ይገድለዋል። «አየሽ? ይሄ ቴሌቪዥን ደብቆ ነው የሚያስገድለኝ!» እያለ ይብከነከናል። እንዲህ ሲል ወራት ሄዱ። ስዕሉ መሃል ላይ ተሰብስቦ፣ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ፣ ፖስታ ላይ እንደሚለጠፍ ቴምብር ሆነ። ሊጫወቱ የመጡት «ኦቦ ሌታ፣ ማጉያ መነጽር አከራየን» እያሉ ቀለዱ፣ ቀለዱና ወደ ኳሱ ቤት ሄዱ። ሱቁ ጭር አለ።

በዚያው ሰሞን ሌታ ኮራ ተባለ። መንገድ ላይ ከጎኑ ያለፈ ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ቢለው ዝም ብሎ ያልፋል። ብርጭቆ የምደረድርበትን ጠረጴዛ እየገጨ ስንቱን ፈጀብኝ! ባጃጅ ለጥቂት ስቶት ሹፌሩ የሰደበውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ከሁሉ የባሰው ግን የኦቦ ቱፋ ነው። ኦቦ ቱፋ የነሌታ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ጌሙን እንዲተው ሊመክሩት አንድ ጠዋት መጡ። ሱቁን ሲከፍት ከጎኑ ቆመው «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርክ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሌታ «ነጋ ዋቃዮ» ብሎ በአፉ መለሰና ቁልፉን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ! እኔ በበሬ ላይ ሆኜ ሳየው በሱ ፈንታ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። «ልቡ አብጧል» አሉኝና ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ አላለፉም።

ማን ይጠረጥራል? ያ ሰው እኮ ያን ጊዜም ቢሆን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ በአንዴ ክር ያስገባ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ከኔም ከናንተም በላይ ያያል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ መስታወቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ክንዴ ዝሏል፣ ጀበና ሙሉ ውሃ ምድጃ ላይ ጥጄ መጥቻለሁ። አዙሮ ጨረሰና መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«የግራው መስመር የለም» አለ።

«አለ!»

«ዱጋ ሚቲ!» አለኝ፤ እውነት አይደለም ማለቱ ነው። «ሥራው ስለሰለቸሽ ትዋሺኛለሽ።»

ኧረ ተዉኝ! እኔ ባየሽ ውሸታም ልባል? መስታወቱን በርጩማው አጠገብ አስደግፌ፣ ከቴሌቪዥኑ በስተግራ ዞሬ፣ መዳፌን ነጩ መስመር ላይ ለጠፍኩት። የቴሌቪዥኑ ፊት ተንጣጣ፣ የክንዴ ፀጉር ቆመ። «ይኸው! ይሄ ምንድነው? እጄ ያለው የት ነው?»

ሌታ ዓይኑን አፍጥጦ ስዕሉን እያየ ነው። እኔ ከጉልበቱ አንድ እርምጃ አልራቅኩም።

«የት ሄድሽ?» አለኝ።

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። «እዚህ ነኝ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግራ ሲያዞር እጄን አገኘውና ደነገጠ። መልሶ ቀና ሲል እጄ ጠፋበት። አዞረ፣ አገኘው። ቀና አለ፣ ጠፋው። ብልሽት እንደሚፈትሽ ሰው ደጋግሞ አደረገው። ከዚያ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ሞከረ፤ ሌላኛውንም ሸፍኖ ሞከረ። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አያለሁ።

«ቴሌቪዥኑ ደህና ነው» አለ።

ቢሊሴ ከጎጆ በጭነት መኪናም ቢሆን ብላ መጣችና አዲስ አበባ ወሰደችው። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አላቸው። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት እየበረታ፣ ከጠርዝ ጀምሮ ወደ መሃል እየበላ የሚሄድ በሽታ ነው። አያም፣ አይቀላ፣ አያሳክክ፤ እንደ ሌባ ነው የሚገባው። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አብዛኛውን ማቆየት ይቻል ነበር፤ የጠፋው ግን አይመለስም» አለ ሐኪሙ። ቀደም ብሎማ! ቀደም ብሎማ ሰውዬው ቴሌቪዥን እየፈታ ነበር! ስንት ወር ሙሉ የዓይኑን ብልሽት ከቴሌቪዥኑ ሆድ ውስጥ ሲፈልግ፣ እኔም መስታወት ይዤ ሳፈላልገው! ይሄ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ። ጌሙማ ምን በደለ? ጌሙ ባይኖር ጨርሶ እስኪጨልምበት ማን ያውቅለት ነበር?

ጠብታ ሰጡት። ጠብታው አምቦ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። የሚያይባት የቀረችው ቀዳዳ እየጠበበች ሄደች። መጀመሪያ መበየድ ተወ፣ ቀጥሎ ብቻውን መንገድ መሻገር ተወ፣ በመጨረሻ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው በድምፅ ብቻ የሚለይ ሆነ። ኦቦ ቱፋ ወሬውን ሰምተው መጡ። እንደልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ያ እጅ እንደገና አየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ገባቸው። ጎንበስ ብለው የሌታን እጅ ከጉልበቱ ላይ አነሱና በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። ሌታ «ምነው ኦቦ? ምን ሆኑ?» ይላል፤ የቀደመውን ከናካቴው አያውቀውማ።

በሁለት ሺህ ስድስት ሱቁን ዘጋ። ከቢሊሴ ጋር ጎጆ ሊገባ ሆነ፤ ለዚያ ብርድ። ዕቃውን ሲያከፋፍል ያን ቴሌቪዥን ለኔ ሰጠኝ። ሻይ ቤቴ ውስጥ አቁመን ዜና ስንከፍትበት ስዕሉ ያው ቴምብር ነው። ደንበኛው «ባየሽ፣ በቁልፍ ቀዳዳ ነው እንዴ የምታሳይን?» ብሎ ሳቀ። ሌታ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሰማ።

«እንዲህ ትቼልሽ አልሄድም» አለ። «ሰው ለምን በኔ ዓይን ያያል?»

ጀርባውን በዳበሳ ፈታው። «መስታወቱን ያዥልኝ» አለኝ።

«መስታወት ለምን? አንተ እኮ...» ብዬ አፌን ያዝኩ።

ሳቅ አለ። «ልማድ ነው። ብቻ ያዥልኝ።»

መስታወቱን አንስቼ፣ ስዕሉም የሱም እጅ እንዲታየኝ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ ከፊት ዘረጋሁለት። ፊቱ በመስታወቱ ይታየኛል፤ ዓይኖቹ ድሮ ስዕሉን ያይበት ወደነበረው ቦታ ቀጥ ብለዋል። ያን የጥርስ ብሩሽ እጀታ በግራ እጁ ጣት እየመራ ብሎኑ ላይ አሳረፈው። አዞረ። ስዕሉ ቀስ እያለ ተዘረጋ፤ ከላይ ሞላ፣ ከታች ሞላ፣ በግራ ሞላ። በቀኝ በኩል አንድ ጣት የሚያህል ጥቁር ቀረ።

«ሞላ?»

«ቀኙ ትንሽ ይቀረዋል» አልኩት። እኔ እንኳ ለሱ ውሸት አልናገርም።

ሌላውን ብሎን ፍለጋ እጁን ወደ ላይ ሰደደ። አጣው። ትንሽ ወደ ጎን ሄደ። ጣቶቹ እየዳበሱ ያቺ ወፍራም ቀይ ሽቦ ወዳለችበት ሲንሸራተቱ አየሁ፤ እሱ ግን ከሷ የራቀ መስሎታል።

«ሞላ! ሞልቷል!» ብዬ ጮህኩ።

እጁን አቆመ። «ዱጋ?» አለኝ፤ እውነትሽን ነው?

«ዱጋ።»

«እስከ ጠርዙ?»

«እስከ ጠርዙ ሌታ። ሙሉ ነው። አሁን እጅህን አውጣ።»

አወጣው። ላቡን በእጅጌው ጠረገና እንዳይታየኝ መስታወቱን ባዞርኩት ኖሮ ብዬ የተመኘሁትን ፈገግታ ፈገግ አለ።

«ያኔ ላምንሽ ይገባኝ ነበር» አለኝ። «አንቺ መቼም ውሸት አታውቂም።»

ቢሊሴ ገብታ ክንዱን ያዘችው። የጎጆው አውቶቡስ ጡሩንባ ይነፋል። ቴሌቪዥኑ አሁንም እዚሁ አለ፤ በቀኝ በኩል ያለችውን ጥቁር ላስተካክልልሽ የሚል ሲመጣ እጁን እንዳያስገባ እከለክለዋለሁ።