ስልኩ «ታምኛለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ

በሕይወቴ ብዙ ነገር አሸንፌያለሁ። ዕብራይስጥን አሸንፌያለሁ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናን ደጋግሜ ወድቄም ቢሆን አሸንፌያለሁ። እዚህ ርሆቮት፣ ክፋር ግቢሮል በሚባለው ሰፈራችን፣ በረንዳዬ ላይ በርበሬ አታስጪ ያለኝን የሕንፃችንን ኮሚቴ ሳይቀር አሸንፌያለሁ። እንደዚያች ዓርብ ግን የኮራሁበት ቀን የለም። በዚያች ዓርብ የስልኬን ፎቶዎች በገዛ እጄ ወደ ኮምፒዩተር አሻግሬ የሞተች አክስቴን አስነሣሁ። በእርግጥ አክስቴ አልሞተችም ነበር። ሞታለች ብላ የቆረጠችው እናቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሰሞን ጎንደር ሄጄ ተመልሼ ነበር። የሄድኩት የእናቴን ታናሽ እህት ለማየት ነው። እናቴ እኛን ይዛ ከአገር ስትወጣ እህቷ ከባሏ ጋር ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። መንደሯ ድረስ ሄድኩ፣ አገኘኋት፣ አብሬያት ሰነበትኩ፣ ስትስቅም ስትቆጣም ፎቶ አነሣኋት። ርሆቮት ቤቴ ስገባ እናቴ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «አየሻት?» አለችኝ። «አየኋት እምየ፣ ደህና ናት» አልኳት። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው።

እኛ ዘንድ «ደህና ናት» የሚባለው ለደህና ሰው ብቻ አይደለም። ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ሲሞት መርዶው በዋዛ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰዓት ይመረጣል፣ በማለዳ ተሄዶ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ለጠየቀ ሁሉ «ደህና ነው» ይባላል። የእናቴን ታላቅ ወንድም ሞት እንዲሁ ለወራት ደብቀናት ነበር፤ እሷ በየሰንበቱ «ወንድሜስ?» ትላለች፣ እኛ «ደህና ነው» እንላለን። ታዲያ እኔ ከዚያው አገር መጥቼ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ስናገር ምን ታስብ? ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፎቶውን አወጣሁላት። የእናቴ ዓይን ደክሟል። ሐኪሙ መሀሉ ነው የታመመው ብሏል፤ ትልልቁን ነገር በጎን በኩል ታያለች፣ ትንሽ ነገር ግን ሁሉም ለእሷ ጭጋግ ነው። ስልኩ ላይ ፎቶውን ሳሰፋው ደግሞ ከአክስቴ ፊት የሚቀረው አፍንጫዋ ብቻ ነው። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ መልሳ አርቃ፣ ይቺ የማንም አሮጊት አፍንጫ ናት አለችኝ። እንዳንደውል መንደሩ ኔትዎርክ የሚባል ነገር አያውቅም። ሐሙስ ዕለት ቆረጠች። ከሰንበት ማግስት ለቅሶ እቀመጣለሁ፣ ለጎረቤቶቹም ተናግሬያለሁ አለች። በሕይወት ላለች እህቷ! ለሕያው ሰው ለቅሶ መቀመጥ ሟርት ነው።

ያለኝ መፍትሔ አንድ ነበር። ልጄ እኛ ቤት ትታው የሄደችው ኮምፒዩተር አለ፤ ፎቶዎቹን ወደዚያ አሻግሬ በትልቁ ማሳየት። ልጄ ወታደር ናት፤ በዚያ ሳምንት ተረኛ ስለሆነች ለሰንበት አትመጣም። ደወልኩላት።

«እማ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ፎቶዎቹ እኮ ዓናን ላይ ናቸው» አለችኝ። ደመናው ላይ ማለቷ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ማስቀመጫ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኳት።

እሷም ገብታ ስታየው ለካ ደመናውም ሞልቷል፤ ከጎንደሩ ፎቶ አንዱም አልወጣም። ስልኬም ቢሆን ከጎንደር ጀምሮ «ቦታ የለም» እያለ ሲነዘንዘኝ ነው የከረመው። በገመድ ኮምፒዩተሩ ላይ እንድሰካው ነገረችኝና «ያላ እማ፣ ቤሰደር ይሆናል»፣ በይ መልካም ይሆናል፣ ብላ ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት ቤት ባለው ገመድ ሰካሁት። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፣ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አላለ። ተነሥቼ ወደ ገበያ ማዕከሉ፣ ወደ ቢሉ ሴንተር ሄድኩ። እዚያ ልብስ ሱቅ ውስጥ ስለምሠራ የስልክ ዕቃ ሻጩ ያውቀኛል። ፎቶ የሚያሻግር ገመድ ስጠኝ ስለው አሮጌውን አገላብጦ አየና፣ ይሄ መብራት ብቻ ነው የሚያሳልፈው አለኝ። ገመድም እንደ ሰው ነው ለካ፤ ሁሉም የሰጡትን አያደርስም። አዲሱን ይዤ፣ ለሰንበት አበባና ዳቦ በታቀፈ ሰው መሀል ተጨናንቄ፣ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

አሁን ኮምፒዩተሩ ስልኬን አወቀው፤ ስሙን ጻፈልኝ። ደስ ብሎኝ ስከፍተው ባዶ ቤት ነው። ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ ባዶ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ አሁንም ባዶ። በሰካሁት ቁጥር ስልኩ በዕብራይስጥ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ በዚህ ኮምፒዩተር ታምኛለሽ ወይ ይለኛል። እኔም ሳላመነታ «አላምንም» የሚለውን እጫናለሁ። ምን ላድርግ? ባንክ ነን እያሉ የሚደውሉ ሌቦች በዝተው፣ ሰፈራችን ድረስ መጥታ ያስተማረችን ሴት ስልካችሁ የሚጠይቃችሁን ሁሉ እምቢ በሉ ብላናለች። ደግሞስ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አንድ ዕቃ ተነሥቶ እመኚኝ ሲለኝ እሺ የምል ሴት አይደለሁም። አላምንም ማለት ለእኔ የጥሩ አስተዳደግ ምልክት ነበር።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሰንበታችን ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚገባው፤ ከገባ ደግሞ ኮምፒዩተር አይነካም፣ ሰንበት ሲወጣ ለቅሶው ነው። እናቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ከወዲሁ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። እንደገና ሰካሁት። ስልኩ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ።

«ተይው ልጀ» አለች እናቴ። «በከንቱ አትድከሚ። ያለውን ብትነግሪኝ ይቀለኝ ነበር።»

ቱግ አልኩ። የእኔ ቁጣ የጭድ እሳት ነው፣ አይቆይም፣ ግን ሲነድ ይነዳል። «የሆድሽ ፍሬ አይደለሁም? ከሰው ሁሉ እኔን እንኳ ማመን አቃተሽ? አንድ ጊዜ እመኚኝ እንጂ!»

ይህን ስል ጣቴ «አላምንም» የሚለው ላይ ሊያርፍ ትንሽ ነው የቀረው። እዚያው አየር ላይ ቀረ። እናቴን ስለማታምነኝ እየተቆጣሁ፣ እኔ ስንት ጊዜ የለመነኝን ዕቃ አላምንህም ብዬ ስመልስ ነው የዋልኩት። ኮምፒዩተሩን ካላመንኩት ስልኩ ምን ብሎ ፎቶ ያሳየው? የማያምኑትን ሰው ማን ጓዳው ያስገባል? ሳቄ መጣ። «አምናለሁ» የሚለውን ተጫንኩ፣ የምስጢር ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት።

ፎቶዎቹ ጆንያው እንደ ተፈታ እህል ፈሰሱ። የአክስቴ ግቢ፣ የአክስቴ ፍየሎች፣ አክስቴ፣ አክስቴ፣ አሁንም አክስቴ። ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተሩ ቀዳኋቸው፤ መስመሩ ቀስ እያለ ሲሞላ ብቻዬን ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ማንም ቢያየኝ አላፍርም ነበር።

እናቴን ወንበሯን ሳብ አድርጌ አስጠጋኋት። የአክስቴ ፊት የኮምፒዩተሩን መስኮት ሞላው፤ ትሪ አከለ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በጎን ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ትመስላታለች» አለች። «መምሰልማ ያጎታችን ልጅም ትመስላታለች። ግራ ጆሮዋን አሳይኝ።»

ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ልጆች ሳሉ በአንድ ጉትቻ ተጣልተው፣ እናቴ ጎትታ የእህቷን ጆሮ ቀድዳው ኖሯል። ይህን ከሁለቱ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቀውም። ችግሩ ግን አክስቴ ሻሽ ከራሷ አይወርድም፤ በየፎቶው ጆሮዋ ድረስ ተሸፍናለች። አንዱን አለፍኩ፣ ሌላውን አለፍኩ። እናቴ አንገቷን እንዳዘነበለች ትጠብቃለች።

በመጨረሻ አንድ የተበላሸ ፎቶ መጣ። ግማሹን የገዛ ጣቴ ጋርዶታል። ስልኩ ቦታ የለም ባለኝ ቁጥር ላጠፋው አስቤ በስንፍና የተውኩት ነው። አክስቴ በሆነ ነገር ስቃ፣ ሻሿ ተንሸራትቶ፣ ፊቷን ዞር አድርጋለች። አሰፋሁት፣ ደግሜ አሰፋሁት። ጆሮዋ ብቻ መስኮቱን ሞላ፤ ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቋል።

እናቴ እጇን ዘርግታ ስንጥቁን ዳሰሰችው። «የኔ ሥራ ናት» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ገልብጣ በወጉ ለበሰችና ሕንፃው እስኪሰማ እልል አለች። «ደህና ናት! ደህና ናት ለካ!» ያን ቃል ስንት ዘመን ስንዋሽበት ኖረን፣ ያን ቀን ደህና ማለት ብቻ ሆኖ ሰማሁት። እኔም አለቀስኩ፣ በኩራት ነው ያለቀስኩት። ለለቅሶ የተጠሩትን ጎረቤቶች ደውዬ አስቀረሁ፤ የተሻገረውን ሁሉ ከስልኬ አጥፍቼ ስልኩንም አሳረፍኩት።

ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እናቴ ጠራችኝ። ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ከሚሸፍኑት ሴቶች አንዷ ናት፤ እስከዚያ ቀን ወድዳ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም።

«እሷስ?» አለችኝ። «ስለኔ ደህና ናት ሲሏት የምታምን ይመስልሻል?»

ቀኝ አውራ ጣቷን አቀናችልኝ። ከጥፍሯ በታች፣ እስከዛሬ የማጭድ ጠባሳ የሚመስለኝ የነበረ፣ ትንሽ የጥርስ ምልክት አለ። ጆሮዋ የተቀደደ ዕለት እህቷ በአጸፋው ነክሳታለች።

«ፊቴን ተይው፣ አርጅቷል፣ አትለየውም። ይቺን ታውቃታለች።»

ስልኩን አነሣሁ። ቦታ የለም አላለኝም። ጣቷን አነሣሁት፣ አጥርቼ አነሣሁት። በመጪው ወር ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ እንዳለና አሳትሜ እንደምልክላት ነገርኳት።

«ትልቅ አርገሽ አሳትሚው» አለች። «የሷም ዓይን እንደኔ ደክሞ ይሆናል።»

ስልኩን አስቀመጥኩ፤ ሰንበት ገባ።